አማርኛችንን በር ላይ አንተውም፦ «ኢፍ ሦስት ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ጽሑፉ አራት ገጽ ነው፤ ርእሱ «ኢፍ ሦስት ነው» ይላል። ጸሐፊው እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለረጅም ዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማሩ፣ በዕድሜም በሥራም የሚቀድሙኝ መምህር ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ እሳቸውም የማንንም ስም አላነሡም። ጽሑፉ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቢቀር ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ፎቶ ኮፒው ተባዝቶ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ደብተር ውስጥ ታጥፎ ሳገኘው ግን መልስ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የእንግሊዝኛ «ኢፍ»፣ የእኛ «ከ…» ወይም «ቢ…» ማለት ነው፣ ሦስት ቀመር ብቻ ስላለው ተማሪው ሦስቱን ይሸምድድ፦ አንደኛው ሊሆን ለሚችለው («ዊል» ያለበት)፣ ሁለተኛው ለዛሬው ላልሆነው («ዉድ» ያለበት)፣ ሦስተኛው ላለፈው ላልሆነው («ሃድ» እና «ዉድ ሃቭ» ያሉበት)። የቱን እንደሚጠቀም ለማወቅ የጊዜ ቃሉን ይፈልግ፤ «የስተርዴይ» ካየ ሦስተኛው፣ «ቱሞሮ» ካየ አንደኛው ነው። ከ«ኢፍ» ጋር ምንጊዜም «ዌር» እንጂ «ዎዝ» አይጻፍ። «ዉድ»ም ከ«ኢፍ» ጎን አይግባ። በመጨረሻም «አማርኛ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ የሚናገርበት የግሥ መልክ ስለሌለው፣ ተማሪው አማርኛውን በር ላይ ትቶ ይግባ» ይላሉ።

ከመጨረሻው ልነሣ። የቀሩት ስሕተቶች ሁሉ የተቀዱት ከእሱ ይመስለኛል።

አማርኛ ያልሆነውን የሚናገርበት መልክ የለውም? ውርጭ ባቄላውን ያቃጠለበት የባሶና ወራና ገበሬ «ውርጩ ባይመታው ኖሮ ዘንድሮ ደኅና እናፍስ ነበር» ሲል ታዲያ ምን እያለ ነው? ውርጩ መትቷል፤ ባቄላውም ጠቁሮ ቀርቷል። ሰውዬው ግን በአንድ ትንፋሽ ውርጭ ያልነካው ማሳ፣ የሞላ ጎተራ ሠርቶ አሳየን። የሠራውም በ«ባይ»፣ በ«ኖሮ» እና በ«ነበር» ነው። ይህ የግሥ መልክ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ጠጋ ብለን እንየው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። «ቢ» አለበት፤ ይሁንና ተስፋ ያለው አባባል ነው። ድሩ ማበር ይችላል፤ ካበረም ያስራል። አሁን ጫፉ ላይ «ነበር» ጨምሩበት፦ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነበር»። ምሳሌያዊ አነጋገሩ እዚያው ሞተ። ድሩ አላበረም፤ አንበሳውም ሜዳ ላይ ነው፤ የቀረው ቁጭት ነው። በአንዲት ቃል ከሚሆነው ወደማይሆነው ተሻገርን። ይህ ልዩነት የማይሰማው አማርኛ ተናጋሪ ልጅ አላየሁም፤ በግ የሚጠብቀውም ሳይቀር ይሰማዋል።

ይህች «ነበር» ምንድን ናት? ሃላፊ ጊዜ ናት። «ትናንት ቤት ነበር» ስንል ያለፈ ነገር እንናገርባታለን። «ገንዘብ ቢኖረኝ በግ እገዛ ነበር» ስንል ግን ያለፈ ነገር የለም፤ ዛሬ፣ አሁን፣ ኪሴ ባዶ ነው ማለታችን ነው። ያለፈውን ጊዜ ልብስ ተውሰን ከእውነቱ መራቃችንን ገለጽንበት። እንግሊዝኛውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ አ ሺፕ»። በጉን ማለቴ ነው፤ በዚች ቃል አነባበብ የተነሣ መንዝ ላይ መርከብ ሲገዙ የከረሙ ተማሪዎች ስላሉኝ ነው የማስታውሰው። «ሃድ» የ«ሃቭ» ሃላፊ መልክ ነው። «ዉድ»ም በትውልዱ የ«ዊል» ሃላፊ ነው፤ «ኩድ» የ«ካን»፣ «ማይት» ደግሞ የ«ሜይ» እንደሆኑ ሁሉ። ሁለቱም ቋንቋዎች በጊዜ የራቀውንና ከእውነት የራቀውን በአንድ ዕቃ ይሰፍራሉ።

ይህ ለ«ኢፍ» ብቻ የተበጀ ብልሃትም አይደለም። አንዲት እናት ቀበሌ መስኮት ላይ ቆመው «መታወቂያ ላሳድስ ፈልጌ ነበር» ይላሉ። ፍላጎታቸው አላለፈም፤ ወረቀታቸውን እንደያዙ እዚያው ቆመዋል። «ነበር» ያሉት ለመራቅ ነው፤ ጥያቄያቸው የሰውየው ደረት ላይ እንዳያርፍ ትንሽ ገለል አደረጉት። ሱቅም ገብተን «ስኳር ነበር የፈለግሁት» እንላለን። እንግሊዙም በዚህ ቦታ «አይ ዋንተድ ቱ አስክ» ይላል፤ እየጠየቀ ሳለ። ምኞት ላይ ደግሞ አማርኛ ይበልጥ ግልጽ ነው፦ «ምነው ወፍ በሆንኩ»። «ሆንኩ» ከሃላፊ ሌላ ምንም አይደለም። «አይ ዊሽ አይ ዌር አ በርድ» ከዚህ በምን ይለያል?

ታዲያ ልጆቹ ለምን ይሳሳታሉ? ደብተር ሳርም በብዛት የሚገጥመኝ «ኢፍ አይ ሃቭ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ አ ሺፕ» የሚለው ነው። ግማሹ ደኅና ነው፤ «ዉድ» ቦታውን ይዟል። የተበላሸው «ሃቭ» ነው። ይህ ከየት መጣ? ከአማርኛው። «ቢኖረኝ» ውስጥ ያለው ግሥ «ይኖረኛል» ውስጥ ካለው ጋር አንድ መልክ ነው፤ የሃላፊ ምልክት የለበትም። አማርኛ ርቀቱን የሚቋጥረው አንድ ጊዜ፣ ንግግሩ ሲያልቅ፣ በ«ነበር» ነው። እንግሊዝኛ ሁለት ቦታ ይቋጥራል፤ በ«ኢፍ» በኩል አንድ፣ በመልሱ በኩል ሌላ። ልጁ የአማርኛውን አንድ ቋጠሮ ይዞ ሄዶ መልሱ ላይ በትክክል ቋጠረ፤ ሌላው ጫፍ ተፈትቶ ቀረ። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፌ «ነበር»ን በቀይ ጠመኔ ስከብብላቸው፣ ቀይ ክብ እንግሊዝኛው ላይ ስንት ቦታ እንደሚያስፈልግ ራሳቸው ይነግሩኛል። አማርኛው በር ላይ ከቀረ ግን ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መምህሩም ተማሪውም አያውቁም። ስሕተቱ እንደሆነ በር ላይ አይቀርም፤ አብሯቸው ይገባል።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ክፍል ውስጥ አማርኛ የተናገረ ሳንቲም ይቀጣ ነበር። ብዙ ከፍያለሁ። ያን ጊዜ «ሃድ»ን ያስረዳኝ ሰው ግን አላስታውስም።

ወደ ጊዜ ቃሉ ልምጣ። እዚህ ላይ ጽሑፉ ልጆቹን በግልጽ ያሳስታል፤ ስለዚህ ቆም ልበል።

አንዲት ተማሪ ጽሑፉን ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ እዚህ ሪዲንጉ ላይ ‹ኢፍ ዩ ኬም ቱሞሮ› ይላል፤ ‹ኬም› ያለፈ ጊዜ ከሆነ ‹ቱሞሮ› እዚህ ምን ይሠራል? የኅትመት ስሕተት ነው?» አለችኝ። «ነገ ከመጣሽ እነግርሻለሁ» አልኳት። ልትሄድ ስትል «ቆይ፣ ‹መጣ› የትኛው ጊዜ ነው?» ብዬ መለስኳት። ሳቀች። እኛ «ነገ ከመጣሽ» ስንል ሃላፊ ግሥ ከነገ ጋር አጋብተን ማንም ግራ አይገባውም። የግሥ መልክና የቀን መቁጠሪያ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ አማርኛው አስቀድሞ አስተምሯታል። እርግጥ «ከመጣሽ» ሊሆን ለሚችል ነገር ነው፤ «ኬም» ደግሞ መምጣቷን ለተጠራጠረ ወይም ራቅ አድርጎ ለሚያስብ ተናጋሪ ነው። ይህ ሁለተኛ ነገር ነውና በማግሥቱ ነገርኳት። የጽሑፉን መመሪያ ብትከተል ግን «ቱሞሮ»ን አይታ ትክክለኛውን ዐረፍተ ነገር ትሰርዘው ነበር።

«የስተርዴይ» ሲባልስ? እዚሁ አገራችን የሆነውን እናንሣ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲሻሩ፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራስ ልዑልሰገድም እዚያው ወደቁ። ንጉሡ ግን ከዚያ ድል በኋላ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ አልገሠገሡም፤ ቆዩ። እሳቸው ሲቆዩ የሸዋ ጦር ተሰበሰበ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ድል ተመተው ተማረኩ። የእኛ አገር ሽማግሌ ይህን ሲያወራ «ባይቆዩ ኖሮ» ሳይል አያልፍም።

«ባይቆዩ ኖሮ የሸዋ ጦር ባልተሰበሰበ ነበር» ካልን ነገሩ ሁሉ ያለፈ ነው፤ «ሃድ ኖት ዌይትድ» በአንድ ወገን፣ «ዉድ ኖት ሃቭ ጋዘርድ» በሌላው። የጸሐፊው ሦስተኛ ቀመር እዚህ ይሠራል። «ባይቆዩ ኖሮ ዛሬ የምናነበው ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር» ብንልስ? መቆየታቸው ያለፈ ነው፤ ንባቡ ግን የዛሬ ነው። እንግሊዝኛው «ኢፍ ሂ ሃድ ኖት ዌይትድ፣ አወር ሂስትሪ ዉድ ቢ ዲፈረንት ቱዴይ» ይላል። «ሃድ» አለ፤ «ዉድ» አለ፤ «ሃቭ» ግን የለም። ይህ ከሦስቱ ቀመሮች የየትኛው ነው? የማናቸውም አይደለም፤ የግማሽና የግማሽ ነው። የሸመደደ ተማሪ «ዉድ ሃቭ ቢን» ብሎ ይጽፍና «ቱዴይ» ከእጁ ታመልጣለች። እንዲህ ያለውን ጥምር ለማግኘት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። «ያን ጊዜ ብማር ኖሮ ዛሬ በሰው ቤት አልሠራም ነበር» የሚል ሰው በየመንደሩ አለ።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር መስጠት አለብኝ፤ እሳቸው አላነሡትም እንጂ ቢያነሡት ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር። አማርኛ ያልሆነውን ከሚሆነው ይለያል እንጂ፣ ያልሆነውን በጊዜ እንድንለየው አያስገድደንም። «ባውቅ እነግርህ ነበር» የዛሬ አለማወቅ ሊሆን ይችላል፤ የትናንትም ሊሆን ይችላል። «ኖሮ» ወደ ትናንት ይስበዋል፤ ይሁንና «ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ አሁን እሰጥህ ነበር» የሚል ሰው ስሕተት አልተናገረም። እንግሊዝኛ በዚህ አይታገሥም። አለማወቁ የዛሬ ከሆነ «ኢፍ አይ ኒው»፣ የትናንት ከሆነ «ኢፍ አይ ሃድ ኖን» ብለህ መምረጥ አለብህ። ልጆቻችን በእውነት መሠልጠን ያለባቸው እዚህ ላይ ነው። እኔ የማስተምረው በእርምጃ ነው፤ ከእውነት ለመራቅ አንድ እርምጃ ወደኋላ፣ ነገሩ ራሱ ያለፈ ከሆነ ሌላ አንድ እርምጃ። «ሃድ ሃድ» የምትለዋ ሁልጊዜ የምታስቃቸው ጥንድም በዚህ ትፈታለች፤ አንዱ እርምጃ ለጊዜው፣ አንዱ ለርቀቱ። የጊዜ ቃል መፈለግ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ነገር ሊሆን የሚችል ነው ወይስ ተናጋሪው ራሱ እንዳልሆነ ያውቃል?» የሚለው ነው።

«ምንጊዜም ዌር»። የዚህ ግማሹ እውነት ነው። «ኢፍ አይ ዌር ዩ» የማይነካ ነው፤ ፈተና ላይ «ዎዝ» ብሎ ነጥብ የሚጥል ተማሪ አልፈልግም። ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች በዕለት ንግግራቸው «ኢፍ አይ ዎዝ» ሲሉ ይሰማል፤ ልጆቹ በፊልም ሲሰሙት እንዳይደናገጡ ይህን እነግራቸዋለሁ። «ዌር» ከ«አይ» እና ከ«ሂ» ጋር መሄዷ የድሮው መልክ ቅሪት ነው። ሌሎቹ ግሦች ይህን ልዩ መልክ አጥተው ተራውን ሃላፊ ሲለብሱ እሷ ብቻ ቀረች። ችግሩ «ምንጊዜም» የሚለው ቃል ላይ ነው።

ጠዋት ተነሥተው ከበረት አንድ በግ ጠፍቷል እንበል። አባት «ማታ በረቱ ክፍት ከነበረ፣ ጅቡ የገባው በዚያ ነው» ይላል። ክፍት ይሁን አይሁን አያውቅም፤ እያጣራ ነው። እንግሊዝኛው «ኢፍ ዘ ጌት ዎዝ ኦፕን ላስት ናይት» ነው፤ «ዎዝ»፣ ያለ ምንም ጥርጥር። ምክንያቱም ይህ ተራ ሃላፊ ጊዜ ነው፤ ከእውነት የራቀ ነገር የለበትም። «ላስት ናይት» አለና ሦስተኛው ቀመር ቢባልም ስሕተት ነው፤ «ሃድ ቢን ኦፕን» ካልነው በረቱ ተዘግቶ እንዳደረ አረጋገጥን ማለት ነው፤ ጅቡም ነጻ ወጣ። እናት ደግሞ ከወዲያ «በረቱ ክፍት ባይሆን ኖሮ ጅቡ አይገባም ነበር» ትላለች። እሷ አጣርታለች፤ ክፍት ነበር። የማን ጥፋት እንደሆነም ታውቃለች። ይህኛው ነው «ሃድ ኖት ቢን» የሚሆነው።

አማርኛው ሁለቱን እንዴት እንደለያቸው ልብ በሉ፤ አባት «ከ»፣ እናት «ባይ… ኖሮ… ነበር»። አንድም ተማሪ አያምታታቸውም። እንግዲህ ተማሪው ፈተና ላይ ሲጨነቅ ዐረፍተ ነገሩን በልቡ በአማርኛ ይበለው። «ከ» ከመጣለት — ገጠር ወጣ ሲሉ «ተ» የሚሉ አዛውንት አሉ፤ ያው «ከ» ነው — እንግሊዝኛውን ወደኋላ አይጎትተው። «ነበር» ከመጣለት ይጎትተው። «ነገ ቢዘንብስ?» እንደሚለው ያለ፣ «ቢ» ኖሮ «ነበር» የሌለበት ሲሆን ግን ሁለቱም በር ክፍት ነው፤ ተናጋሪው ዝናቡን ምን ያህል እንዳራቀው ይወስነዋል። ይህ መፈተኛ ሁሉን አይፈታም፤ ብዙውን ግን ይፈታል፤ ወጪም የለውም፤ ልጁ ከእናቱ ቤት ይዞት የመጣው ነው።

«ዉድ ከኢፍ ጎን አይግባ» በሚለው እስማማለሁ። በትሕትና ሲለምኑ፣ «ቢከተሉኝ» እንደማለት፣ «ኢፍ ዩ ዉድ ፎሎው ሚ» ይባላል፤ በተረፈ ለፈተና የሚሆን ጥሩ ምክር ነው።

«ሦስት» ስለሚለው ቁጥር ብዙ አልደክምም። መማሪያ መጻሕፍቱ ራሳቸው ሁልጊዜ የሚሆነውን ነገር «ዜሮ» ብለው አራተኛ አድርገውታል። ለዚያ የሚሰጡት ምሳሌ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚል መሆኑ ያስቀኛል፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናትና ውኃችን 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ልጆቹ «ሁልጊዜ እውነት» ብለው የሚሸመድዱት እዚሁ ምድጃቸው ላይ እውነት አይደለም። ከአራቱ ውጭም «ኢፍ» የምትባል ቃል ጨርሳ የሌለችባቸው አሉ፦ «ሃድ አይ ኖን»፣ «አይ ዊሽ»፣ «ኢትስ ታይም ዊ ሌፍት»። የመጨረሻውን ተመልከቱት፤ ገና አልሄድንም፣ ግሡ ግን ሃላፊ ነው። ቀመር የሸመደደ ልጅ «ኢፍ»ን ፈልጎ ያጣትና ይቀመጣል። ርቀትን የተማረ ልጅ ግን ምንም አይገርመውም።

ጸሐፊው ፈተናውን አስበው እንደጻፉ ይገባኛል። ልጆቹ ከየገጠሩ መጥተው ቤት ተከራይተው፣ ከቤት የመጣ በሶ እየበጠበጡ የሚማሩ ናቸው፤ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሳቸው ጊዜም ጥቂት ነው። አጭር መንገድ ማሳየት ደግነት ነው። እኔም ሦስቱን ቀመሮች ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ግን መጨረሻ ላይ፣ ልጆቹ ራሳቸው ከደረሱባቸው በኋላ።

የጽሑፉ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዎቻችን እነዚህን ሦስት ቀመሮች ሸምድደው ቢሆን ኖሮ ባልወደቁ ነበር።» ይህን የጻፉት የተከበሩ መምህር፣ አማርኛ ያልሆነውን የሚናገርበት የግሥ መልክ የለውም ካሉ በኋላ ነው። መስመሩን ሰሌዳ ላይ ገልብጬ ለክፍሉ ሰጠሁት፤ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት አልኳቸው። አብዛኞቹ አገኙት፤ «ሃድ ሜሞራይዝድ» በአንድ በኩል፣ «ዉድ ኖት ሃቭ ፌልድ» በሌላው። ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እኛ እኮ ሸምድደን ነበር፤ ታዲያ እዚህ ‹ኢፍ› ምን ይሠራል?»